ሳይቀመስ የተላከ ጭኮ

«እማዬ፣ ሰው ለሰው ይጾማል?» አለችኝ ሰብለ፣ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች። በእኛ ጊዜ ልጅ እንዲህ ያለ ጥያቄ አይጠይቅም ነበር፤ በእኛ ጊዜ «ጹሚ» ትባያለሽ፣ ትጾሚያለሽ፣ አለቀ። ታዲያ ያን ዕለት እኔ ጨጓራዬ ተነስቶብኝ ብርድ ልብስ ተጠቅልዬ ተኝቻለሁ፣ ዐቢይ ጾም ነው፣ እሷ ክርኑ ላይ የተቀደደ ሹራቧን ለብሳ እግሬ ሥር ተቀምጣ ታየኛለች፣ እና «ይጾማል ወይ?» ትለኛለች። «ለምን ጠየቅሽ?» ብላት፣ «አንቺ ብዪና እኔ ልጹምልሽ» አትለኝም! የሰባት ዓመት ልጅ! እኔስ ምን አልኳት መሰላችሁ? «ሂጂ ወዲያ፣ ሁሉም የየራሱን ነው የሚጾመው» ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

በይ ቤቲ፣ ነገሩን የቀሰቀስሽው አንቺ ነሽ። ታናሽ ወንድምሽ ወታደር ማሰልጠኛ ገባ፣ «እማማ የሺ፣ ምን ልላክለት?» አልሽኝ። እኔ ለአንቺ ለመምህርቷ የሚሆን እውቀት የለኝም፤ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማርኩ፣ ከዚያ እዚሁ ጎባ ጤና ጣቢያ ወለል ሳጸዳ ጡረታ ወጣሁ፣ አሁን እናንተን አከራይቼ እኖራለሁ። ነገር ግን ልጅ ወደ ውትድርና ሸኝቻለሁ። አዴ ሞሚናም ምስክሬ ናት፣ ይቺው አጠገቤ ተቀምጣለች፣ ሠላሳ ዓመት ጎረቤቴ ናት፣ ከዋሸሁ ትምታኝ።

«እመታሻለሁ፣ ዋላሂ!» ሰማችሁ አይደል? በሉ እንግዲህ።

ሰብለ የመጨረሻዬ ናት። አርባ ዓመቴን አልፌ፣ ሰው «ይቺ ሴትዮ ምን ነካት» እያለ የወለድኳት ናት። ሁለቱ ታላላቆቿ ወንዶች ናቸው፣ አንዱ ጊኒር፣ አንዱ ሻሸመኔ ትዳር ይዘው ሄዱ። አባቷ ዘጠነኛ ክፍል ሳለች አረፈ። እና ከዚያ ወዲያ በዚህ ቤት ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን፣ እኔና እሷ፣ እሷና እኔ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨረሰች፣ ነጥብ አልመጣላትም፤ ሮቤ አንድ ጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ ገብታ ፎቶ ኮፒ ታነሳለች፣ ጠዋት በታክሲ ትሄዳለች፣ ማታ ትመለሳለች። እኔ ደስ ብሎኛል። እውነቴን ነው። ልጄ ወጥታ ትገባለች፣ ሌላ ምን እፈልጋለሁ?

ታዲያ አንድ ቀን ጫማዋን ሳታወልቅ መጥታ ፊቴ ቆመች።

«እማዬ፣ ተመዘገብኩ።»

«ምን ተመዘገብሽ?»

«ውትድርና።»

«አንቺ?»

«እኔ። ምን አለበት?»

«ሳታማክሪኝ?»

«ባማክርሽ እምቢ ትያለሽ። እማዬ፣ የሰው መታወቂያ ኮፒ ሳነሳ ላርጅ? ሙሉ ቀን የሰው ፊት ነው የማወጣው፣ የራሴስ መቼ ይወጣል?»

ይቺ ልጅ አፍ አላት። እኔ አላለቀስኩም፣ አልጮህኩም፣ ዝም አልኩ። ዝም ማለቴን እንደ ፈቃድ ቆጠረችው። ጎረቤቱም «ጎበዝ እናት! ልጇን መርቃ ሸኘች!» አለ። ሰው የሚያየው ፊትን ነው፣ ምን ያድርግ።

የሄደችው ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ነው። ጎባ ያን ጠዋት ጉም ለብሳ ከዚህ በር እስከዚያ አጥር አይታይም። እኔ ሹራብ ሦስት አሲዣታለሁ፤ የምትሄደው ቆላ ነው ቢሉኝ አልሰማሁም። እና ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ለመሰናበት ጎንበስ ስትል፣

«ጾም እየመጣ ነው» አልኳት።

«አውቃለሁ እማዬ።»

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት።»

«እማዬ፣ እዚያ እኮ ሩጫ አለ፣ ፀሐይ አለ፣ እንደ ቤት አይደለም...»

«በጠባሽው ጡቴ ይዤሻለሁ! ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን እህል ውሃ በአፍሽ እንዳይዞር። ሥጋና ቅቤማ ጭራሽ።»

ፊቷ ልውጥ አለ። ቀና ብላ አየችኝ፣ አየችኝ፣ አየችኝና «እሺ» አለች። ጉልበቴን ስማ ወጣች። ጉሙ ዋጣት።

እናንተ ወጣቶቹ በጡት መያዝን እንደ ጨዋታ ታዩት ይሆናል። በእኛ ቤት ግን ከፍርድ ቤት መሐላ ይከብዳል። በእናቱ ጡት የተያዘ ልጅ ቃሉን ቢያፈርስ ምርቃት ይሸሸዋል ይባላል፣ እናቴም ለእኔ እንደዚያው ብላኛለች፣ እኔም በዕድሜዬ ሁሉ ልጆቼን በጡቴ ይዤ አላውቅም ነበር። ያን ጠዋት ከየት እንደመጣብኝ!

ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ አትሳቁብኝ። እኔ ራሴ እስከ ዘጠኝ አልጾምም። በጨጓራዬ ምክንያት የነፍስ አባቴ ፈቅደውልኝ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ክኒኔን በውሃ እውጣለሁ፣ ሦስት ሰዓት ላይ እህል እቀምሳለሁ። ሰብለ ናት ከአሥራ ሦስት ዓመቷ ጀምሮ እስከ ዘጠኝ የምትጾመው። እና ያልጾምኩትን ጾም ነው አስሬ የላክኋት።

እና ሄደች። ስልክ በየእሑዱ ነው፣ በተራ፣ ለአምስት ደቂቃ። እኔ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ስልኩን ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ ነጠላዬን ሳላወልቅ እጠብቃለሁ። ሞሚና ትመጣለች፣ «አልደወለችም?» ትላለች፣ «ዝም በይ፣ ታስጨንቂዋለሽ» እላታለሁ፣ ስልኩን ማለቴ ነው። ሲጮህ ሁለታችንም እንዘላለን!

«እማዬ! ሹራቦቹን ትራስ አደረግኋቸው!» ትላለች። «እማዬ፣ እዚህ ፀሐዩ ከላይ ብቻ አይደለም፣ ከመሬትም ይወጣል!» ትላለች። «ጠዋት በስንት ሰዓት ያስነሷችኋል?» ስላት «አሥራ ሁለት ላይ ሩጫ ጀምረናል» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እኔም አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እነሳለሁ፤ እሷ ስትሮጥ እኔ ቆሜ አባታችን ሆይ እደግማለሁ፣ ከዚያ ውሃዬን ጠጥቼ ክኒኔን እውጣለሁ። የማደርግላት ነገር ይኸው ነበር። ጾም ሲገባ «እየጾምሽ ነው?» አልኳት፣ «እየጾምኩ ነው» አለች። «አልደከመሽም?» አላልኳትም። ብጠይቃት ትነግረኝ ነበር፣ ለዚያ ነው ያልጠየቅኋት።

ጾሙ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ረቡዕ ቀን ስልክ ጮኸ። ረቡዕ! እሑድ አይደለም! አነሳሁት።

«እናት፣ ደህና ዋሉ? የሰብለ አሰልጣኝ ነኝ፣ አስር አለቃ ነኝ።» የሴት ድምፅ ነው፣ ቀጭን፣ ግን እንደ ጅራፍ።

«ልጄ ምን ሆነች?»

«አይደንግጡ፣ አሁን ደህና ናት። ሩጫ ላይ ወደቀች፣ ሐኪም ቤት ግሉኮስ ተሰጥቷታል። ግን ይሄ ሁለተኛዋ ነው። ቁርስ አትበላም፣ ውሃ አትጠጣም፣ የጾም ምግብ እኮ አለን፣ ውሃም ሞልቷል። ለምን ስላት ‹እናቴ አስራኛለች› ትለኛለች። እናት፣ አስራኛለች ማለት ምን ማለት ነው?»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዞርኩት።

«እኔ እስከማውቀው እዚህ ትእዛዝ የምሰጠው እኔ ነበርኩ፣» አለች አስር አለቃዋ፣ «አሁን ግን ከእኔ በላይ አዛዥ እንዳለ ተረድቻለሁ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ረጅሙ የእግር ጉዞ አለ። ከዚያ በፊት ወይም በጉዞው ላይ ለሦስተኛ ጊዜ ከወደቀች አቅም የላትም ተብላ ወደ ቤት ትመለሳለች። ጎበዝ ልጅ ናት፣ ታሳዝነኛለች። ስለዚህ እባክዎ ይፍቷት።»

ስልኩ ተዘጋ። አሁን የምነግራችሁን ለማንም አልናገርም ነበር። ከዚያ ሁሉ ንግግር ውስጥ ጆሮዬ ላይ የቀረችው አንዲት ቃል ናት፦ ትመለሳለች። እና ደስ አለኝ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ልጄ ግሉኮስ ተሰክቶላት ተኝታ እኔን ደስ አለኝ! ተነስቼ የእሷን ክፍል ከፈትኩ፣ አቧራውን ጠረግሁ፣ አንሶላ ቀየርኩ፣ ብርድ ልብሱን አጥር ላይ አሰጣሁ። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ሞሚና መጥታ በኦሮምኛዋ እንዴት አደርሽ አለችኝ።

«አከም ቡልቴ፣ የሺ? ማን ሊመጣ ነው?»

«ሰብለ።»

«ጨርሳ?»

«ወድቃ።»

«ወድቃ?» አለች። «ልጅቷ ወድቃ አንቺ አልጋ ታነጥፊያለሽ?»

ነገሩን ሁሉ ነገርኳት። ሞሚናም ያን ጊዜ ጾመኛ ነበረች፤ ይህ በሆነበት ዓምና ረመዳንና ዐቢይ ጾም ተገጣጥመው ነበር። ደጃፉ ላይ ተቀመጠች።

«በእኛ» አለች፣ «መንገደኛና በሽተኛ ጾም ይፈታል፣ ኋላ ቀን ቆጥሮ ይከፍላል፣ ቀዷ ያወጣል። እናንተ ቀዷ የላችሁም?»

«የለንም።»

«ታዲያ አንቺ አውጪላት!» ብላ ተቆጣች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «የሺ፣ ኢንተላ ኮ ስትመለስ ሰዉ ‹አልቻለችም› ይላል። ገበያ ስትሄድ ይላታል፣ ስታገባ ይላታል። አንቺ ግን እንደቻለች ታውቂያለሽ። ያን ጊዜ ምን ልትያቸው ነው? ‹እኔ ነኝ የጣልኳት› ትያለሽ?»

ኢንተላ ኮ ማለት ልጄ ማለት ነው፣ ለቤቲ ነው የምተረጉመው። ሞሚና ሰብለን ከእኔ እኩል ነው ያሳደገቻት። ብርድ ልብሱን ከአጥሩ ላይ አውርጄ ነጠላዬን ለበስኩና ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ።

የነፍስ አባቴ አርጅተዋል፣ ዓይናቸው ደክሟል፣ ሰውን የሚለዩት በአረማመዱ ነው። ግንቡ ሥር ፀሐይ ይሞቃሉ። «የሺ ናት፣ ዛሬ ደግሞ እግሯ ከብዷል» አሉ። ሁሉን ነገርኳቸው፤ ማሰሬን፣ መውደቋን፣ አስር አለቃዋን። የአልጋውን ብቻ አልነገርኳቸውም።

«ለታመመ፣ ለመንገደኛ፣ እንዲህ ላለ ድካም ቤተ ክርስቲያን እናት ናት፣ አትጨክንም» አሉ። «ትብላ፣ ትጠጣ። ቅቤም ቢያስፈልጋት ትቅመስ፣ እኔ ፈቅጃለሁ።»

«ይፍቱኝ አባቴ» ብዬ ልነሳ ስል መስቀላቸውን አልሰጡኝም።

«ቆይ። አንቺስ በስንት ሰዓት ነው የምትበዪው?»

«እርስዎ ፈቅደውልኝ... በሦስት ሰዓት።»

«እኮ» አሉ። «የሺ፣ ልጅቷን ለማን ብለሽ ነው ያሰርሻት?»

«ለእግዚአብሔር ነዋ አባቴ! ጾሟን እንዳትረሳ...»

«ለማን?» አሉኝ ደግመው፣ ቀስ ብለው፣ እንደ ሕፃን እያባበሉ።

ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት፣ ስትሄድ ያላለቀስኩትን። «እንድትመለስልኝ ነው» አልኳቸው። «አላወቅሁትም ነበር አባቴ፣ ግን እንድትመለስልኝ ነው። እምቢ ማለት ፈራሁ፣ እና የምትወድቅበትን ነገር ይዛ እንድትሄድ አደረግሁ። አልጋዋንም አንጥፌያለሁ።»

እሳቸው አልተቆጡም። «እኔ የቤተ ክርስቲያኑን ፈታሁ» አሉ። «የአንቺን አንቺ ፍቺ። ያሰረ ነው የሚፈታ።» ከዚያ ነው መስቀል የሰጡኝ።

እሑድ እስኪደርስ እንዴት እንደቆየሁ! ስልኩ ሲጮህ ሰላምታ እንኳ አላስቀደምኩም።

«ሰብልዬ፣ ፈትቼሻለሁ! ብዪ፣ ጠጪ!»

ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ አየሁት፣ አልተቆረጠም።

«ሰማሽኝ?»

«አስር አለቃዋ ደውላልሽ ነው?» አለች።

«ደውላልኛለች፣ ግን እኔ ነኝ የምልሽ።»

«አይደለሽም። አዝነሽልኝ ነው፣ ወይም በይ ብለውሽ ነው። እማዬ፣ አንቺ በሕይወትሽ አንዴ ነው በጡትሽ የያዝሽኝ። ያን ጠዋት ዓይንሽን አይቼዋለሁ፣ ቀልድ አልነበረም። በስልክ ታስሮ ቢሆን በስልክ ይፈታ ነበር። ነገ አፍርሼው አንድ ነገር ብሆን፣ አንቺ ራስሽ ‹ቃሌን አፍርሳ ነው› ትያለሽ።»

«አልልም!»

«ትያለሽ እማዬ። ድምፅሽ ራሱ የአንቺ አይመስልም። አትጨነቂ፣ እችለዋለሁ» አለችና አምስት ደቂቃው አለቀ።

ድምፅሽ የአንቺ አይመስልም! እውነትም የታረቀ ድምፅ ስለነበረኝ ይሆናል፣ ልጄ የምታውቀው ሌላውን ነው።

ታዲያ ምን ላድርግ? ልሂድ ብል ለጥየቃ የተፈቀደው ቀን ገና ነው። ደብዳቤ ብጽፍ «አጽፈዋት ነው» ትላለች። ሞሚናን «ምን ይሻላል?» አልኳት። «የእህቴ ልጅ ነገ በዘጠኝ ሰዓት ከሮቤ ገብስ ጭኖ ይወጣል፣ በማሰልጠኛው በር ነው የሚያልፈው። አንድ ነገር ላኪላት» አለች። «ምን?» ተያየን። ከዚያ ሁለታችንም ባንድ አፍ «ጭኮ!» አልን።

ቤቲ፣ አንቺ ከሌላ አገር ስለሆንሽ ነው፤ ጭኮ የባሌ ስንቅ ነው። ገብሱ ይታመሳል፣ ይፈጫል፣ በንጥር ቅቤ ይለወሳል፣ ኮረሪማና ጨው ይገባበታል፣ ወር ቢቀመጥ አይበላሽም። አንድ እፍኝ የበላ እስከ ማታ አይርበውም። ግን ቅቤ ነው! ሁለመናው ቅቤ! እና ዐቢይ ጾም ነው!

«እኔ እሠራዋለሁ» አለች ሞሚና። «ቅቤ የእኔ፣ ድስት የእኔ። አንቺ እጅሽን አታስነኪ።»

«አይሆንም። አንቺ ከሠራሽው ‹አዴ ሞሚና ናት የላከችልኝ› ብላ ለጓደኞቿ ታድላለች። የእኔ እጅ መሆን አለበት።»

«የእናንተ ጾም...»

«አልበላውም። እነካዋለሁ።»

ሰኞ ጠዋት ወፍጮ ቤት ደርሼ ተመለስኩ፣ ሞሚና ቅቤዋን አምጥታ አነጠረች። እኔ በጾም ቅቤ ነክቼ አላውቅም፤ ጾም ሲገባ የፍስክ ዕቃዬን በአመድ አጥቤ ቆጥ ላይ ነው የማወጣው። ያን ቀን ከቆጡ አወረድኩት። እጄን እስከ አንጓዬ ገብሱ ውስጥ ከተትኩ፣ እሷ ቅቤውን ታፈሳለች፣ እኔ አሻለሁ። ሽታው! ቤቱን ሞላው! እኔ ሁለት ሳምንት አልፎኛል ቅቤ ካሸተትኩ፣ እሷ ከሌሊት ጀምራ ውሃ አልቀመሰችም፣ ሁለታችንም ምራቃችንን እየዋጥን፣ «ያ ረቢ፣ ይቺ ልጅ በጤና ትብላው!» ትላለች፣ እኔ «አሜን» እላለሁ።

ሲያልቅ ሞሚና «ጨው በቅቷል?» አለችኝ።

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ቅመሺው።»

«ጾመኛ ነኝ! አንቺ ቅመሺ።»

«እኔስ?»

ተያይተን ሳቅን! ግቢው ውስጥ የቀረ ሰው የለም፣ ተከራዮቹ ሥራ ሄደዋል፣ መኪናው በዘጠኝ ሰዓት ይወጣል፣ ሮቤ ለማድረስ ደግሞ ታክሲ መያዝ አለብን። ሞሚና አፍንጫዋን አስጠግታ አሸተተችው፤ ጨው በሽታ ይታወቃል እንዴ? «ያለ ይመስለኛል» አለች። እኔ መጀመሪያ ገብሱ ላይ አንድ ጭብጥ ጨው በትኛለሁ። ለካ ይቺ ደግሞ ቅቤው ላይ...

«አንዴ ነው የጨመርኩት!» ይኸውላችሁ፣ እስከ ዛሬ ትከራከራለች። አንዴ ነው የጨመርሽው፣ ማን ካደ! እኔም አንዴ! ሁለት አንዴ ስንት ይሆናል?

ክዳን ያለው ትንሽ ባልዲ ውስጥ ጠቅጥቀን፣ አፉን በጨርቅ አስረን፣ ሮቤ ወስደን ለልጁ ሰጠነው። «በሩ ላይ ስሟን ነግረህ ስጣቸው፣ እናትሽ በእጇ ሠራችው በላቸው» አልኩት። ስመለስ ታክሲ ውስጥ እጄን ነጠላዬ ውስጥ ደብቄ ነበር፤ ስንቴ ብታጠብ ቅቤ ቅቤ ይላል፣ ጾመኛው ሁሉ የሚያሸተኝ መሰለኝ። ማክሰኞም ቤተ ክርስቲያን ውጪ ቆሜ ተሳለምኩ። አልገባሁም። የነፍስ አባቴ በአረማመዴ አውቀውኝ ከሩቅ «እግርሽ ቀሎታል» አሉኝ። ሌላ አላሉኝም።

ያ ሳምንት ግን ረዘመ! ረጅሙ ጉዞ ቅዳሜ ነው። ረቡዕ ስልክ እንዳይጮህ እፈራለሁ፣ አልጮኸም። ሐሙስ አልጮኸም። አልጋዋን አላነጠፍኩም፤ አንሶላውን አውልቄ፣ አጣጥፌ ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ አልተቀመጥኩም። ሞሚና «ተቀመጪ» ስትለኝ «እሷ እየሄደች ነው» እላታለሁ፣ እና ከበር እስከ አጥር፣ ከአጥር እስከ በር።

እሑድ ስልኩ ጮኸ።

«እማዬ! ጨው በዛበት!»

እኔ ምን እላለሁ? «ምኑ?»

«ጭኮው ነዋ! በስማም! አስር አለቃዋ ቀምሳ ‹ይሄ ጭኮ ነው ወይስ አሞሌ?› አለች። አንድ እፍኝ በልቼ አንድ ጆግ ውሃ ጠጣሁ፣ እንደገና በላሁ፣ እንደገና ጠጣሁ!»

«ጠጣሽ?»

«ጠጣሁ! ምን ላድርግ፣ አቃጠለኝ!»

«በጠዋት?»

«በጠዋት።» አለችና ቀጠለች። «እማዬ፣ ባልዲውን ስከፍት መጀመሪያ አላመንኩም። ገዝተሽ የላክሽ መሰለኝ፣ ወይ አዴ ሞሚናን ያስሠራሽ። ከዚያ ስቀምሰው... ጨው እንዲህ የሚበዛው ሳይቀመስ የተሠራ ነው። ሁለታችሁም ጾማችሁን ሳትፈቱ ቆማችሁ ስታሹት ታየኝ። አንቺ በዐቢይ ጾም ቅቤ ነካሽ?»

«ነካሁ።»

«በእጅሽ?»

«እስከ አንጓዬ።»

አለቀሰች መሰለኝ፣ ወይም መስመሩ ነው፣ አላውቅም። «እንግዲያ ፈትተሽኛል» አለች።

«ፈትቼሻለሁ። ሰብልዬ፣ መጀመሪያም ያሰርኩሽ ለጾሙ ብዬ አልነበረም። እንድትመለሺልኝ ብዬ ነው።»

አምስት ደቂቃው እየሄደ ነው። ከኋላዋ ሴቶች ልጆች ሲስቁ ይሰማኛል።

«አሁንስ?» አለችኝ።

«አሁንማ ሂጂ።»

«ትናንት ሄድኩ እኮ እማዬ» አለች፣ ድምፅዋ ሳቅ ሳቅ እያለ። «ረጅሙን ጉዞ ጨረስኩ። አልወደቅሁም። የወደቀች ልጅ ቦርሳ ተሸክሜ ነው የገባሁት።»

እልል ልል አፌን ስከፍት ሞሚና ቀደመችኝ! ከጎኔ ሆና እልልታዋን ለቀቀችው፣ ስልኩ ውስጥ ሰብለ «አዴ ሞሚና! ጨው!» ትላለች፣ ይቺ ደግሞ «አንዴ ነው የጨመርኩት!» ትላለች፣ ያንንም ያን ጊዜ ነው የጀመረችው።

እና ቤቲ፣ ለወንድምሽ ምን ልላክ ላልሽኝ፣ ጭኮ ላኪለት፣ እኛ እንሠራልሻለን፣ አንቺ ትቀምሽልናለሽ። ግን መጀመሪያ አስበሽ እይ፤ ሲሄድ ያሰርሽበት ነገር ካለ እሱን ፍቺለት። ከዚያ ስንቁ ይቀለዋል።

ቆይ፣ አልጨረስኩም። ስልኩ ሊዘጋ ሲል «እማዬ» አለች፣ «እኔ የተውኩትን ጾም ታዲያ ማን ይጾመዋል?»

«አላውቅም» አልኳት።

«ሰው ለሰው ይጾማል?» አለች። አልረሳችውም! አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ! «ያን ጊዜ ‹ሁሉም የየራሱን› ብለሽኛል» ብላ ሳቀች፣ እና ተራዋ አለቀ፣ ስልኩ ተዘጋ።

በማግሥቱ ሰኞ ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሳሁ፣ ውጪው ገና ጉም ነው። ቆሜ አባታችን ሆይ ደገምኩ። እንደ ልማዴ ውሃዬን በብርጭቆ ቀዳሁ፣ ክኒኔን ከብልቃጡ አወጣሁ። እሷ ቆላ ሩጫ የምትጀምርበት ሰዓት ነው፤ በልታለች፣ ጠጥታለች። ብርጭቆውን ወደ አፌ አደረስኩና መልሼ አወረድኩት። በሳህን ከደንኩት፣ ክኒኑን አጠገቡ አስቀመጥኩ፣ እና የግድግዳውን ሰዓት አየሁ። እስከ ዘጠኝ ዘጠኝ ሰዓት ይቀራል። ወንበሬን ስቤ ተቀመጥኩ።